የሁለት ደቂቃ ልዩነት

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ኢንስፔክተር ቢልቂስ በደሴ ከተማ፣ ሸዋ በር አካባቢ ወዳለው የመነጽር ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ራሷን ነበር። ደንበኞች ፍሬም ሲሞክሩ ፊታቸውን የሚያዩባቸው ስድስት መስታወቶች በግድግዳው ዙሪያ ተሰቅለዋል። በስድስቱም ውስጥ ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገች አንዲት ሴት ደብተር ይዛ ቆማለች።

ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች። ሌንስ ከሚሞረድበት ጠረጴዛ ሥር ደም አለ። በጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ላይ ጥቂት ሽበት ተጣብቋል። የቤቱ ባለቤት አቶ ገብሬ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል፤ ይተነፍሳሉ፣ ግን አልነቁም።

ቢልቂስ ቁጢጥ ብላ ደሙን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካችው። ዳር ዳሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ዳሩ ደርቋል» ብላ ጻፈች።

«ማነው ያገኛቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች በደንበኞች ወንበር ላይ የተቀመጠችው ወጣት። እጆቿን ታጥባለች፤ የቀሚሷ እጅጌ ግን በደም ጠቁሯል። «ፊርደውስ እባላለሁ። ሌንስ ሞርጄ ፍሬም የምገጥመው እኔ ነኝ።»

«እስቲ ከበሩ ጀምሪልኝ።»

«ጋሼ ገብሬን አስፈቅጄ ከትምህርት ቤት የውጤት ማስረጃዬን ላወጣ ሄጄ ነበር። ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ ስመለስ በሩ ተቆልፏል፣ መጋረጃው ወርዷል። ጋሼ በሥራ ሰዓት መጋረጃ አውርደው አያውቁም። በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ስገባ ወድቀው አገኘኋቸው። ጭንቅላታቸውን በሻሼ ያዝኩና ሰው ጠራሁ።»

«ሌላ ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«ጋሼ ራሳቸው፤ ደግሞ ሙንዚር። የኮምቦልቻውን ቅርንጫፍ የሚመራው እሱ ነው።»

«የጠፋ ነገርስ?»

ፊርደውስ መደርደሪያውን አየች። «አንድ ካርቶን የለም። የደጋን ትምህርት ቤት ተማሪዎች መነጽሮች ነበሩበት፣ አሥራ ሁለት ናቸው። ጋሼ ትናንት ነው ያስሰበሰቧቸው። ‹እነዚህን እኔው ራሴ እፈትሻለሁ› ብለው ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

የቢልቂስ ረዳት ሳጅን ኪዳኑ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ይህን ሁሉ አዲስ ፍሬም ትቶ ያገለገለ የልጅ መነጽር የሚሰርቅ ሌባ ደሴ ውስጥ አላውቅም» አለ።

*

ነገሩን የለወጠው ከሰዓት በኋላ የመጣው ምስክር ነው።

መምህር ተስፋ የኮምቦልቻ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጠዋት ለዝውውር ጉዳይ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከመሄዳቸው በፊት፣ ከመነጽር ቤቱ ትይዩ ባለው የሂሻም ፀጉር ቤት ገብተው ነበር። ወደዚያ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው።

«ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበርና እንዲሞላልኝ ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠሁት» አሉ፣ እጃቸውን በሥርዓት ጉልበታቸው ላይ አድርገው። «ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ያለው በር ክፍት ስለነበር ማዶ ያለው መነጽር ቤት በመስታወቱ ይታየኛል። ሽማግሌው የበራቸውን መስታወት በጨርቅ ይወለውላሉ። ከፀጉር ቤቱ በር በላይ የተሰቀለውን ሰዓት አየሁ። ሦስት ሰዓት ከአርባ ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ኢንስፔክተር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ተማሪ ሲያረፍድ ደቂቃ የምቆጥር ሰው ነኝ።»

«ከዚያስ?»

«ተላጭቼ እንደጨረስኩ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። አራት ሰዓት አልፎ መድረሴ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ እስከ ምሳ ሰዓት ተጎለትኩ። ይኼ ወረፋ ሰው ያስረጃል።»

ሰውዬው ሲወጡ ኪዳኑ በወረቀት ላይ መስመር አሰመረ። «ሦስት ከአርባ፣ አቶ ገብሬ ቆመው በር ይወለውላሉ። ሦስት ከአርባ አምስት፣ ልጅቷ ገባች። በመሀል አምስት ደቂቃ። በዚህች አምስት ደቂቃ ሌላ ሰው ገብቶ፣ ጥሏቸው፣ ካርቶን ተሸክሞ፣ መጋረጃ አውርዶ፣ ቆልፎ ወጣ እንበል?»

«ደሙስ?»

«ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ይመጠዋል።»

ቢልቂስ «ዳሩ ደርቋል» የሚለውን ደግማ አየችው። ሙንዚር ከኮምቦልቻ ደርሶ ውጭ ይጠብቅ ነበርና አስጠራችው። ሰላሳ ዓመት የሞላው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ከእሑድ ወዲህ ደሴን አልረገጥኩም» አለ። «ዛሬ ሱቄን ከፍቼ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን ሱዓድን ጠይቋት።»

«ፊርደውስና አቶ ገብሬ እንዴት ነበሩ?»

«ትምህርት ልሂድ ትላለች፤ እሳቸው እንድትሄድ አልፈለጉም። የሰማሁት ይህን ነው። እኔ በሰው ላይ መናገር አልወድም።»

ኪዳኑ ለሱዓድ ደወለ። ሙንዚር ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሱቁን መክፈቱንና እስከ እኩለ ቀን ንቅንቅ አለማለቱን አረጋገጠች። በሦስት ከአርባ ኮምቦልቻ ያለ ሰው ደሴ ሊሆን አይችልም፤ በመሀላቸው የሐረጎ ቁልቁለት አለ፣ አርባ ደቂቃ ያህል መንገድ።

አሥር ሰዓት ላይ ፊርደውስ በቁጥጥር ሥር ዋለች። አላለቀሰችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«እስከ መቼ ነው?»

«ፍርድ ቤት ለማቅረብ አርባ ስምንት ሰዓት አለን። ከዚያ ተጨማሪ ቀጠሮ ሊጠየቅ ይችላል።»

«ጎንደር ለዓይን ምርመራ ትምህርት ተመድቤአለሁ» አለች። «ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ካልያዝኩ ዓመቱ አለፈኝ። ሁለት ዓመት ነው የጠበቅሁት፤ የሚቀጥለውን ደግሞ የሚሰጠኝ የለም።» ቆይታ ጨመረች፤ «ማመልከቻውን የጻፉልኝ ጋሼ ናቸው።»

ቢልቂስ ይህንንም ጻፈች። የሙንዚርን ቃል ከጻፈችበት ገጽ ትይዩ ዋለ።

*

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ቢልቂስ ከኪዳኑ ጋር ወደ ሂሻም ፀጉር ቤት ሄደች። የምስክሩ ቃል በሙሉ የቆመው በአንድ የግድግዳ ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ይቀድም ወይም ይዘገይ ይሆናል።

«ለሴት አንሠራም» አለ ሂሻም መቀሱን እያጸዳ፤ «ለመንግሥት ከሆነ ግን እንሠራለን። ይቀመጡ።»

«መምህሩ ከተቀመጡበት።»

ተቀመጠች። መስታወቱ ሰፊ ነው። የራሷ ፊት፣ ከትከሻዋ በላይ ክፍቱ በር፣ ከበሩ ማዶ መነጽር ቤቱ። ከበሩ በላይ ክብ ነጭ ሰዓት ተሰቅሏል። ቁጥር የለውም፤ አሥራ ሁለት ጥቋቁር ጭረቶች ብቻ ናቸው ያሉት። ለዘጠኝ አንድ ጉዳይ ይላል። በጠዋት ዘጠኝ ሰዓት የለም፤ እንግዲህ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ነው። ስድስት ቀነሰች፤ ለሦስት አንድ ጉዳይ። ስልኳን አየች፤ ሦስት ከአንድ።

«ሰዓትህ ሁለት ደቂቃ ዘግይቷል።»

«ሐቂቃ? ባለፈው ጁምዓ እኮ ነው ያስተካከልኩት።»

«አቶ ገብሬን በር ሲወለውሉ አይተሃቸዋል?»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ጀርባዬን ለመንገድ ሰጥቼ ነው የምውለው። የማየው የሰው ማጅራት ነው። ማጅራት ከጠየቁኝ የሰፈሩን በሙሉ እነግርዎታለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኞ ዕለት ግን አንድ የደጋን ገበሬ እሳቸው ላይ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሀምዱ ይባላል። ‹የልጄን ዓይን አጠፋህብኝ› እያለ።»

ኪዳኑ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። ቢልቂስ ከመነሳቷ በፊት በደብተሯ «ልዩነት፣ 2 ደቂቃ» ብላ ጻፈች።

*

ሀምዱ ከደጋን መንገድ ዳር ጥቂት ገባ ብሎ ባለው ቤታቸው ደጅ የማሽላ አገዳ እየከመሩ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጡ። ፖሊስ መሆኗን ስትነግራቸው አገዳውን አስቀምጠው በርጩማ አቀረቡላት።

«ጮኼአለሁ፣ አልክድም» አሉ። «ልጄ ጣይባ መነጽር ካደረገች ወዲህ በጠራራ ፀሐይ ከአጥር ጋር ትጋጫለች። ለትምህርት ቤቱ ልጆች በሙሉ ከኮምቦልቻ ነው ያመጡላቸው። እናማ ሰኞ ይዤው ሄድኩና ተናገርኩ።»

«አቶ ገብሬስ ምን አሉ?»

«መጀመሪያ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ከዚያ መነጽሩን አንስቶ አየበት፤ ወላሂ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ‹ሀምዱ፣ አንተ ልክ ነህ፣ ጥፋቱ የኛ ነው› አለኝ። ‹የሌሎቹንም ዛሬውኑ አስሰበስባለሁ፤ ረቡዕ እኔው ራሴ ደጋን መጥቼ ለወላጆቹ እናገራለሁ።› መነጽሩን እዚህ ተወው ሲለኝ ግን አልሰጥም ብዬ ይዤው መጣሁ። በሰው ላይ የተቆጣ ሰው ዕቃውን አይተውም።»

«ትናንት ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቀብር። ጎረቤታችን አርፎ ከንጋት ጀምሮ አፈር ስንቆፍር ነበር። ኢማሙን ጠይቂ፣ ጎረቤቱን ጠይቂ፣ ከፈለግሽ አካፋውን ጠይቂ።»

ኪዳኑ ሊጠይቅ ሄደ፤ ሲመለስ ራሱን ነቀነቀ። መንደሩ በሙሉ አብሯቸው ነበር።

ጣይባ አሥር ዓመቷ ነው። ቢልቂስ ወደ እሷ ጎንበስ አለች። «መነጽሩን ስታደርጊ ምን ይታይሻል?»

«ሁሉም ነገር ውሃ ውስጥ የገባ ይመስለኛል።»

«ሳታደርጊስ?»

«ደብተሬን አያለሁ። ሰሌዳው ነው የሚጠፋኝ።»

መነጽሩ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ነበር። በፖስታው ላይ የጣይባ ስም፣ «ኮምቦልቻ» የሚል ማህተምና «-2.50» የሚል ቁጥር አለ። ቢልቂስ አስፈርማ ተቀበለችው። ሀምዱ እስከ መኪናው ሸኟት።

«ገብሬ ይተርፋል?»

«ሐኪሞቹ ተስፋ አላቸው።»

«አላህ ያሽረው። ጥፋቱን ሲነግሩት የሚያምን ነጋዴ እኔ እሱን ብቻ ነው ያየሁ።»

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢልቂስ ፊርደውስን ከማረፊያ ክፍሉ አስጠርታ መነጽሩን ከፊቷ አስቀመጠች።

«ይህ ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

ልጅቷ መነጽሩን አነሳች። በፖስታው ላይ ካለው ጽሑፍ ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ የጣይባ ስም በሌንሱ ውስጥ አበጠ።

«ፊደሉ ተለቀ፣ ያያሉ? ይህ አጉሊ ሌንስ ነው። ሽማግሌዎች ጋዜጣ የሚያነቡበት። በፖስታው ላይ የተጻፈው ግን ማይነስ ነው። ማይነስ ቢሆን ፊደሉ ማነስ ነበረበት።» ከራሷ ፊት ላይ የራሷን መነጽር አውልቃ በዚያው ስም ላይ ያዘችው፤ ስሙ ቀጠነ፣ አነሰ። «እኔም እንደ ጣይባ ቅርብ እንጂ ሩቅ አላይም።»

«ማነሱ ምን ይጠቅማል?»

«የሚያነሰው ዕቃው አይደለም፣ ምስሉ ነው። ሰሌዳው ሩቅ ነው፤ የኔ ዓይን እዚያ አይደርስም። ሌንሱ የሰሌዳውን ምስል ትንሽ አድርጎ፣ ዓይኔ በሚደርስበት ቦታ አምጥቶ ያስቀምጥልኛል። ያ ቦታ ላይ ምንም ነገር የለም። እጅዎን ቢሰዱ አየር ነው፤ ወረቀት ቢያቆሙበትም አይታይበትም። ብርሃኑ ከዚያ የመጣ እየመሰለ ወደ ዓይን ስለሚገባ ብቻ እዚያ ያለ ይመስለናል። ምናባዊ ምስል ይባላል። መስታወትም እንደዚሁ ነው፤ ከመስታወቱ ኋላ የቆመ ሰው የለም።»

«ምስሉ ግን ልክ እንደ ዕቃው ነው።»

«በመስታወት? ልክ ነው፣ አያንስም አይተልቅም። ከመስታወቱ ፊት የራቀውን ያህል ከኋላ ይርቃል። ግራና ቀኙ ብቻ ይዛወራል። መጀመሪያ ሥራ ስገባ ጋሼ የሱቁን ስም በመስታወት አስነብበውኛል፤ ፊደል ስለሆነ ወዲያው ያስታውቃል። የሚያታልለው ፊደል የሌለው ነገር ነው፤ ሁለቱ ጎኑ አንድ ዓይነት የሆነ—»

ቢልቂስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ቁጥር የሌለው ክብ ነጭ ሰዓት። አሥራ ሁለት ጭረቶች። ሁለት ደቂቃ።

«ምነው?» አለች ፊርደውስ።

«አብሽሪ» አለች ቢልቂስ፣ ሻርፗን እያስተካከለች። «ሻይ ያምጡልሽ። ሳልመጣ እንዳትተኚ።»

*

መምህር ተስፋ ለዝውውራቸው ዛሬም ደሴ ነበሩ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሂሻም ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሂሻም ከልምድ የተነሳ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አሰረ።

«መምህር፣ ሰዓቱን ያንብቡልኝ» አለች ቢልቂስ።

መስታወቱን አዩ። «አንድ ሰዓት ተኩል። ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በፈረንጅ ነው የተሞላው፤ በእኛ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው።»

«ስልክዎን ይዩ።»

አዩት። ብዙ ጊዜ ወስደው አዩት። «አሥር ተኩል ይላል።»

«የኔ ሰዓት በፈረንጅ ተሞልቶ አያውቅም» አለ ሂሻም ቅር ብሎት። «ሀበሻ ሰዓት ነው።»

መምህሩ ወንበሩን አዙረው ሰዓቱን ፊት ለፊት ተመለከቱት። አጭሩ እጅ በአሥርና በአሥራ አንድ መሀል፣ ረጅሙ ወደ ታች። ከዚያ እርሳስ ለመኑ፤ ሂሻም የዱቤ ደንበኞቹን ስም የሚጽፍበትን ሰጣቸው። ትናንት በመስታወት ያዩትን ጻፉ፤ ዘጠኝ ከአርባ። ከአሥራ ሁለት ቀነሱት።

«ሁለት ሰዓት ከሃያ» አሉ በቀስታ። «መስታወቱ የሰዓቱን ግራና ቀኝ ማዛወሩን ሳላይ፣ በጠዋት ዘጠኝ የለም ብዬ ስድስት ቀነስኩ። አንዱ ስህተት ሌላውን ሸፈነው። በሁለት ሰዓት ከሃያ ያየኋቸውን ሰው ሦስት ከአርባ አልኩ።» አንገታቸው ላይ ያለውን ጨርቅ ፈቱ። «ልጅቷ በኔ ሒሳብ ነው የታሰረችው?»

«በእርስዎና በእኔ» አለች ቢልቂስ። «እኔም ዛሬ ጠዋት በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደ እርስዎ ቀንሼአለሁ። የመጣሁት ግን ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።»

መምህሩ ትንሽ አሰቡና አዘኑላት። «ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱ ስህተቶች ይጠፋፋሉ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሲርቁ ሁለት ደቂቃ ይሳሳታሉ። አርባ ሲርቁ ሰማንያ።»

«አዎ። ሁለቱን ደቂቃ ጽፌ አልፌው ነበር።»

በጽሕፈት ቤቱ በር የጥበቃ መዝገብ ላይ ኪዳኑ በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ አገኘው፤ መምህር ተስፋ የገቡት «አራት ሰዓት አልፎ» ሳይሆን ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ነው። ወረፋው የረዘመባቸው በከንቱ አልነበረም።

መኪናው ውስጥ ኪዳኑ አዲስ መስመር አሰመረ። ሁለት ከሃያ፣ አቶ ገብሬ ደኅና ናቸው። ሦስት ከአርባ አምስት፣ ፊርደውስ ገባች። በመሀል ሰማንያ አምስት ደቂቃ። የደሙ ዳር የሚደርቅበት ጊዜ። ሐረጎን ወርዶ ሦስት ከሩብ ላይ ኮምቦልቻ ሱቅ የሚከፈትበትም ጊዜ።

*

ሱዓድ ኮምቦልቻ ሱቋ ውስጥ የስፌት መኪናዋን መርገጥ ሳታቆም መለሰች።

«ወትሮማ ሁለት ሰዓት ነው የሚከፍተው። ማክሰኞ ነው ያረፈደው። ካርቶን ታቅፎ፣ ሰላምም ሳይለኝ ገባ።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርሽንም?» አለ ኪዳኑ።

«የከፈተበትን ሰዓት ጠየቃችሁኝ፣ ነገርኳችሁ። ወትሮውን ማን ጠየቀኝ?»

ሙንዚር ከቆጣሪው ኋላ ቆሞ የአንድ ደንበኛ ፍሬም እያጠበቀ ነበር። ቢልቂስ ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ የጣይባን መነጽር ከፖስታው አውጥታ በደረሰኝ ደብተሩ ላይ ያዘችው። ፊደሎቹ አበጡ።

ሙንዚር አየው። ብሎን መፍቻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

ካርቶኑ ከጀርባ ክፍል፣ ከባዶ የሌንስ ሳጥኖች ሥር ተገኘ። አሥራ ሁለት ፖስታ ነበረበት። በዘጠኙ ላይ አቶ ገብሬ በራሳቸው እጅ «ተፈትሿል፤ የተሳሳተ» ብለው ቀኑን ጽፈዋል። ቀኑ የማክሰኞ ነው። ሦስቱ አልተጻፈባቸውም።

«ከእሑድ ወዲህ ደሴን አልረገጥኩም ብለሃል» አለች ቢልቂስ። «ይህ ካርቶን ማክሰኞ ጠዋት ደሴ ነበር። ከመነጽር ቤቱ ቆልፎ የወጣው ሰው ቁልፍ ነበረው። ቁልፍ ያላችሁ ሦስት ናችሁ።»

ሙንዚር ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«የልጆቹ ሌንስ ከአዲስ አበባ ዘገየ» አለ። «ትምህርት ቤቱ የማስረከቢያ ቀን ቆርጦ ነበር። የማንበቢያ ሌንስ በእጄ አለ። ለጊዜው ልግጠምና ቆይቼ እቀይራለሁ አልኩ። ልጅ ምን ያውቃል አልኩ። ቆየሁ፣ አልቀየርኩም።» እጆቹን አየ። «ሰኞ ማታ ጋሼ ደወሉልኝ። ጠዋት ልለምናቸው ሄድኩ። ‹ነገ ደጋን ሄጄ እናገራለሁ፣ አንተም አብረኸኝ ትቆማለህ› አሉኝ። አብሬ እንድቆም ነው የጠየቁኝ። እኔ ካርቶኑን ሳብኩ፣ አልለቀቁም፤ ገፋሁ። ከጠረጴዛው ጋር ተጋጩ።»

«በእሷ ላይ የተናገርከውስ?»

«ውሸት ነው። ለእሷ መሄድ ከእሷ በላይ ሲለፉ የነበሩት እሳቸው ናቸው።» ቀና አለ። «ሞተዋል?»

«በሕይወት አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ፊቱን ሸፈነ። ኪዳኑ ካቴናውን እንደያዘ ትንሽ ታገሰው።

*

ፊርደውስ በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ተፈታች። ሐሙስ ንጋት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዋን የተሸከመው ኪዳኑ ነው፤ ይቅርታ መጠየቅ ስለማይችልበት ሻንጣ ተሸከመ። የደጋኖቹን ልጆች ትክክለኛ ቁጥር በወረቀት ጽፋ፣ ሌንሱን የሚሠራ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ባለሙያ ስልክ ጨምራ ሰጠችው።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢልቂስ የምርመራ መዝገቡን ስትዘጋ ኪዳኑ ከጎኗ ቆሞ ያነባል።

«ምስክሩ የተሳሳተ ቃል ሰጥቷል ልበል?»

«ያየውን ነው የተናገረው። ‹ሰዓቱን ያየው በመስታወት ነበር› ብለህ ጻፍ። የኔንም ጨምር፤ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ መርማሪዋ በተመሳሳይ መንገድ ተሳስታለች።»

«የራስዎን ስህተት በመዝገብ?»

«ሌላው መርማሪ ሲያነብ ይጠቅመዋል። ጻፍ።»

ስልኳ ጠራ። ከጀርባው የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ኢንስፔክተር፣ ፊርደውስ ነኝ። ጋሼ እንዴት ናቸው?»

«ትናንት ነቅተዋል። መጀመሪያ የጠየቁት ያንቺን አውቶቡስ ነው። ተመዘገብሽ?»

«መስኮቱ ላይ ቆሜአለሁ። ሊዘጉ ሃያ ደቂቃ ቀርቷቸዋል። አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ተጠሪ ጻፊ ይላል፣ የሥራ ቦታና ስልክ ያለው። ጋሼን ልጽፍ ነበር የመጣሁት፣ ስልካቸው ግን በኤግዚቢትነት እናንተ ጋ ነው። እናቴ ደግሞ ስልክ የላትም። የእርስዎን ልጽፍ?»

ኪዳኑ ጽሑፉን አቁሞ ያዳምጣል።

«እኔ ያሰርኩሽ ሰው ነኝ፣ ፊርደውስ።»

«አውቃለሁ። የፈቱኝም እርስዎ ነዎት። ሴትየዋ እየተቆጣችኝ ነው።»

«ጻፊ። ቁጥሬን ይዘሻል።»

«ስሙንና ስልኩን ጽፌአለሁ፣ ሳልጠይቅዎት። የቀረችኝ አንዲት ሳጥን ነች። ‹ዝምድና› ይላል።»

ቢልቂስ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከታች የሸዋ በር ባጃጆች ይጯጯሃሉ።

«ታላቅ እህት ብለሽ ሙይው» አለች።

ከወዲያ የእስክሪብቶ ድምፅ፣ ቀጥሎም ማህተም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ተሰማ።